ሲምቦ የተቀመጠችበት ወንበር

ሲምቦን አልወዳትም ብል ውሸቴን ነው፤ እወዳታለሁ ብልም እንደዚያው። ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ፣ በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባል ሰፈር፣ ግድግዳ ተጋርተን ኖረናል። በእነዚህ ስድስት ዓመታት ያልቀናሁባት ጊዜ ቢኖር ታምሜ የተኛሁባቸው ሦስት ቀናት ብቻ ናቸው፤ ያኔም አቅም አጥቼ ነው።

የአጋሮ ልጅ ናት። ጅቡቲ የገባችው በባቡር ነው፤ ቪዛዋ ፓስፖርቷ ላይ ተመቶላት፣ ሻንጣዋን እየጎተተች ናጋድ ጣቢያ ወረደች። አንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ዘንድ ተቀጥራ ሁለት ዓመት ልጅ አሳደገች። ሰዎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ልጅቷ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም ብላ አውሮፕላኑ ሊያመልጣቸው ነበር አሉ። ‘አሉ’ የምለው የነገረችኝ እሷው ስለሆነች ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰፈራችን ጥግ ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ሌላ ሰው ቢጠብሰው ዘይት የጠጣ ሊጥ ነው፤ ሲምቦ ስትጠብሰው ግን ሰልፍ አለው። ሶማልኛውን፣ አፋርኛውን፣ ፈረንሳይኛውን እየቀላቀለች ታወራለች፤ ትሳሳታለች፤ ስትሳሳት ትስቃለች፤ ሰውም አብሯት ይስቃል። እኔ ስሳሳት የሚስቅብኝ እንጂ አብሮኝ የሚስቅ የለም። ወደ ቡላኦስ የሚሄደው ሚኒባስ ረዳት የፊቱን ወንበር ይይዝላታል። አከራያችን ዓብዱሰመድ ውኃ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእሷን በር ነው። ሰው ሲመርቅ ምቀኛ አያሳጣሽ ይላል፤ ሲምቦን ፈጣሪ አላሳጣትም፣ እኔን ሰጥቷታል።

እኔ ሻሼ እባላለሁ፤ የከሚሴ ልጅ ነኝ። እሷ የሌላት አንድ ነገር ነበረኝ፤ ሥራዬ። ከምኒልክ አደባባይ ጀርባ ባለ ነጭ ፎቅ ውስጥ አንድ የፖሊሲ ተቋም አለ። ያቋቋሙት ሩቅ አገር ፕሬዚዳንት የነበሩ፣ በምርጫ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን በሰላም ያስረከቡ ሽማግሌ ናቸው። ስለሚሰደድ ሰው ያስጠናሉ፤ መንግሥታት ምን ቢያደርጉ ይሻላል የሚል ጥራዝ ያሳትማሉ። እኔ እዚያ ሻይ አፈላለሁ፣ አዳራሹን አጸዳለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር ደግሞ የስም ካርድ አዘጋጃለሁ።

የስም ካርዱ የሽማግሌው ሕግ ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጥ ሁሉ፣ ሚኒስትርም ይሁን ዓሣ አጥማጅ፣ ስሙ በትልልቅ የፈረንጅ ፊደል ተጽፎ ፊቱ ይቆምለታል። የተጋበዘ ሰው ቢቀር እንኳ ካርዱ አይነሳም። “ስሙን ያነሳችሁበት ቀን ሰውየው ቁጥር ይሆናል” ይላሉ። አምስት ዓመት ሙሉ የሰው ስም ስጽፍ፣ ሳቆምና ስሰበስብ ኖርኩ። አንዳንዴ አዳራሹ ባዶ ሲሆን የራሴን ስም ጽፌ በመስኮቱ በኩል ካለው ወንበር ፊት አቆመውና ትንሽ አይቼው ቀድጄ እጥለዋለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ባለፈው መጋቢት ዳይሬክተሯ ማዳም ኡሙልኸይር አስጠሩኝ። ጅቡቲያዊት ናቸው፤ ግን ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው የእኛው ነው።

“ሻሼ፣ ፕሬዚዳንቱ ከሠላሳ ጥናት አንድ ሰው መስማት ይሻለኛል እያሉ ነው። በረሃውን በእግሯ አቋርጣ የመጣች፣ ሰው ፊት መናገር የምትችል ሴት ፈልጊልኝ። ያገርሽን ልጆች አንቺ ታውቂያለሽ።”

“እኔ አለሁ” ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ስቀጠር ፎርሙ ላይ “በባቡር፣ በቪዛ” ብዬ አስሞልቻለሁ። ያኔ ማዳም ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ “ስለ ሕገወጥ ጉዞ በምናጠናበት ቤት የዋሸ ሠራተኛ ካገኘሁ በማግስቱ እዚህ አያድርም” ብለውኛል። የባቡሩን ታሪክ ያገኘሁት ከሲምቦ ነው። የጣቢያውን ስም፣ የወንበሩን ቀለም፣ አጠገቧ የተቀመጡትን ባልቴት ሳል ሳይቀር ከእሷ ሰምቼ የራሴ አደረግሁት።

እውነቱን ለእሷ ብቻ ነግሬያታለሁ፤ ያውም ትኩሳት ጥሎኝ፣ ሦስት ቀን ከአጠገቤ ሳትለይ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ስታቀዘቅዝ። የመጣሁት በእግሬ ነው፤ ከታናሽ እህቴና ከሌሎች መንገደኞች ጋር። በገላፊ ድንበር በኩል ገባን። ከአሳል ሐይቅ ወዲያ፣ ጥቁር ድንጋይ እንጂ ሌላ በሌለበት፣ እህቴ “ትንሽ አርፌ እደርስባችኋለሁ” ብላ ተቀመጠች። አልተነሳችም። በድንጋይ ሸፈንኳት። የእኔ ጫማ ተበጥሶ ስለነበር፣ ከመሸፈኔ በፊት የእሷን የፕላስቲክ ጫማ ከእግሯ አወለቅሁ። በእህቴ ጫማ ኦቦክ ወደብ ደረስኩ፤ ባሕሩን ወደ ዓረብ አገር መሻገር ግን አቅቶኝ ወደዚህ ከተማ መጣሁ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለሲምቦም ያልኳት “እህቴ” ብቻ ነው።

የዚያን ዕለት ከሥራ ስመለስ ሲምቦን ምጣዷ አጠገብ አገኘኋት።

“በእግሯ የመጣች የምታውቂያት ሴት አለች? ቢሮ ቀርባ የምትናገር?”

ሳምቡሳውን ማገላበጥ ትታ ረጅም ጊዜ አየችኝ። “አለች” አለች።

በሳምንቱ የተጋባዦች ዝርዝር ደረሰኝ፤ መጨረሻው ላይ “ሲምቦ” ይላል። ለካ የተቋሙ ተመራማሪ ኢዮስያስ ዘንድ ራሷ ሄዳለች፤ እሱም አነጋግሯት፣ “ድንቅ ሴት ናት እትዬ ሻሼ፣ እንዴት እስካሁን ደበቅሻት?” አለኝ። የሰፈሩ ሁሉ ፍቅር አልበቃ ብሏት እኔ ስንት ዓመት የወለወልኩት ጠረጴዛ ላይ ልትቀመጥ! በማግስቱ ጠዋት ቧንቧው ጋ ጠበቅኳት።

“አንቺ በባቡር አይደለም እንዴ የመጣሽው?”

ጀሪካኗን አስቀመጠች። “አንቺስ በምንድን ነው የመጣሽው ሻሼዬ?”

የተሰረቀ ነገር የተሸከመ ሰው ሌባ ብሎ አይጮህም።

የስብሰባው ዕለት የሲምቦን ካርድ የጻፍኩት በእኔው እጅ ነው። እስክሪብቶውን በጣም ተጭኜው ካርዱ ተቀደደና ሌላ ቆረጥኩ። መጣች፤ ሰማያዊ ድርያ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አስራ። ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው ተነስተው ወንበር ሳቡላት። የትኛውን ወንበር መሰላችሁ? በመስኮቱ በኩል ያለውን። ሻይ ሳቀርብላት ትሪውን ልትቀበለኝ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ በዓይኔ አስቀመጥኳት።

ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ኢዮስያስ ወደ ፈረንሳይኛ እየመለሰ። ገላፊን አለች። ጥቁሩን ድንጋይ አለች። “ትንሽ አርፌ እደርስባችኋለሁ” አለች፤ በእህቴ ቃል። ጫማውን ስታወልቅ፣ ተረከዙ ገና ሙቀት እንደነበረው ተናገረች። እሱንም ነግሬያት ኖሯል። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አንዱ ዲፕሎማት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። ሰው በሐዘኑ ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እኔ ግን ማንቆርቆሪያ ይዤ ግድግዳ ተደግፌ፣ በገዛ ሐዘኔ ቀናሁ። ያ ዝምታ፣ ያ እንባ የእኔ ነበር። እኔ ብናገረው ተንተባትቤ አበላሸዋለሁ፤ እሷ ግን አሳምራ ተናገረችው።

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። ኢዮስያስ ወደ አማርኛ መለሰው፦ “የእህትሽ ስም ማን ነበር?”

ስሟን ለሲምቦ ነግሬያት አላውቅማ! ዓይኗ ጠረጴዛውን ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

“ሻሼ” አለች።

ጠፍቶባት ይሁን ሆን ብላ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ፕሬዚዳንቱ ስሙን በቀስታ ደገሙት፤ ከዚያ እጃቸውን አንስተው ካርድ ይቁምላት አሉ፣ ከእህቷ አጠገብ።

ማዳም ኡሙልኸይር ወደ እኔ ዞር ብለው በሹክሹክታ፣ “ሟቿ ሞክሼሽ ናት። ቶሎ ጽፈሽ አምጪ” አሉኝ።

ዕቃ ቤት ገብቼ ካርድ ቆረጥኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ተደብቄ ስጽፈው የኖርኩት ስም ዛሬ በፕሬዚዳንት ትእዛዝ ጠረጴዛ ላይ ሊቆም ነው፤ ለሟች። ጽፌው ባቆመው ማንም ምንም አይጠይቅም። ሥራዬ ሥራዬ ነው፣ ባቡሬም ባቡሬ ነው፤ ዝም አይነቅዝም። እህቴ ግን ድንጋይ ሥር ሆና፣ ጫማዋን ወስጄባት፣ አሁን ደግሞ በእኔ ስም ልትጠራ ነው። ጻፍኩ። አዳራሹ ገብቼ ካርዱን ከሲምቦ አጠገብ አቆምኩት።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው አንድ በአንድ ፊደሉን ቆጠሩት። “ዓይናለም” ብለው አነበቡ። ግራ ገብቷቸው ወደ ኢዮስያስ ዞሩ፤ ሻሼ አልተባለም ወይ?

“ሻሼ እኔ ነኝ” አልኩ። “ዓይናለም ታናሽ እህቴ ናት። ጫማዋን አድርጌ የሄድኩት እኔ ነኝ። በባቡር አልመጣሁም።”

ኢዮስያስን “ንገራቸው” አልኩት፤ ነገራቸው። ማዳም ኡሙልኸይር ፊታቸው ላይ ቁጣም አላየሁ፣ ምሕረትም አላየሁ። “ነገ ጠዋት ቢሮዬ ነይ” አሉኝ፤ በቃ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሲምቦ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። “አንቺ አፍሽን አልከፍት ስትዪ እኔ ልክፈትልሽ ብዬ እኮ ነው” አለችኝ፤ ቀጥላም ካርዱን አንስታ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። እዚያው ሚኒስትሮቹና ዲፕሎማቶቹ ፊት “ዓይናለም! ዓይናለሜ!” እያለች፣ በአገር ቤት ለሟች እንደሚለቀሰው፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰችላት። የማታውቃትን ልጅ። ስሟን ከሰማች አምስት ደቂቃ ላልሞላት ልጅ።

እኔ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ደረቅ ዓይኔን ይዤ ተቀምጬ ነበር። ለእህቴ እንደዚያ ማልቀስ ፈለግሁ፤ እንባው አልመጣ አለኝ። እንደዚያን ቀን ሲምቦ ላይ ቀንቼ አላውቅም።