የውባንቺ አበልጅ

ውባንቺ ያን ሰሞን እህል አልወርድላት አለ። እንዴት ይውረድላት! የከተማው ምክር ቤት አባል ናት፤ ሐሙስ ስብሰባ አለ፤ አጀንዳው ደግሞ ፎቅ ለሚሠሩ ባለሀብቶች የጣሪያና ግድግዳ ግብር ለአምስት ዓመት ይቅርላቸው ወይስ አይቅርላቸው የሚል ነው። ወረታ ላይ ትልቁን ፎቅ የጀመረው ሌላ ሰው ቢሆን ምን ነበረበት? የኋላሸት ነው። አበልጇ!

አበልጅነት በፎገራ ቀልድ አይደለም። የኋላሸት ልጇን እዮብን ክርስትና ያነሳ ሰው ነው። ልጁ በጨቅላነቱ ታሞ ሲያጣጥር፣ በዚያ ክረምት፣ መንገዱ ሁሉ ጎርፍ ሆኖ ሳለ፣ የጭነት መኪናውን አስነስቶ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ያደረሰው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ «አበልጄ» ብሎ ሲጠራት የእናቷ ልጅ የጠራት ያህል ደስ ይላታል። አበልጅን በአደባባይ መቃወም ነውር ነው። ቅሬታ ያለው ሰው አስቀድሞ ቤቱ ሄዶ፣ ጓዳ ገብቶ ይነግረዋል እንጂ ሸንጎ ላይ አያዋርደውም።

ዝም እንዳትል ደግሞ ታች ሰፈር አለ። ውባንቺ ገበያ ላይ ሩዝ ስትቸረችር የኖረች ሴት ናት፤ በዕድር ስብሰባ የልቧን ስለምትናገር ነው ሰፈርተኛው «አንቺ ግቢልን» ብሎ የመረጣት። ታች ሰፈር ረባዳ ላይ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ሳይጠሩት ይገባል። አምና ነሐሴ የጎረቤቷ የድንቅነሽ ፍራሽ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ በዓይኗ አይታለች። የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ይቆፈራል የተባለው በዚሁ ግብር ነበር። ትልልቆቹ ቤቶች ካልከፈሉ ቦዩ ከየት ይመጣል?

ባሏ ባየህ ጭንቀቷን አይቶ፣ «ዝም አይነቅዝም፣ ውቤ» አላት። «በጥር ልጅ ልንድር ነው። የክርስትና አባቱ የሌለበት ሰርግ ልትደግሺ ነው?»

«ቤቱ ውሃ የሚገባበትስ?»

«እሱን እግዜር ያውቃል።»

«እግዜርማ ያውቃል! ወንበር ላይ ያስቀመጡት ግን እኔን ነው!» ብላ ጮኸችበት።

ረቡዕ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ የኋላሸት ቤት ሄደች። እንደ ወጉ ጓዳ ገብታ ልትነግረው ነው። መንገዱን ሙሉ ቃሏን ስትደረድር ሄደች፤ «አበልጄ፣ አትቀየመኝ፣ ነገ እጄን በተቃውሞ ላወጣ ነው» ልትል። ሰውዬው ግን ገና ከደጅ ሲያያት ፊቱ ፈካ። እጇን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰዳት። ቀንዱ የደፋ አንድ የፎገራ ሰንጋ ታስሮ ሣር ያመነዥካል።

«ለእዮብ ሰርግ ነው» አለ። «እስከ ጥር ይደልባል። ማንም አይነካውም፣ አበልጄ!»

ኧረ በሥላሴ! አሁን በዚህ ሰው ፊት ምን ተብሎ ይነገራል? መርቃው፣ የቀረበላትን በልታ፣ ሳትነግረው ወጣች። ነገ ሌላው ይቃወምና እኔ እተርፍ ይሆናል ብላ ራሷን ደለለች።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። የኋላሸትም ከባለሀብቶቹ ጋር ከኋላ ተቀምጧል። አንዱ አባል ተነሥቶ፣ «መንገደኛው ሁሉ አልፎን ባሕር ዳር ነው የሚያድረው፤ ፎቅ የሌለው ከተማ ምን ከተማ ነው?» አለ። ሽማግሌው አቶ መንግሥቴ፣ «ላለው ተቀንሶለት የሌለው ሊከፍል ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ጥቂት ሰው አጉረመረመ። አብዛኛው ግን ባለፎቆቹን እያየ ፈገግ ይላል።

«የምትቃወሙ?» አለ አፈ ጉባኤው።

አቶ መንግሥቴ እጃቸውን አወጡ። ሌላ ማንም የለም። ውባንቺ ዓይኗን ጨፈነች፤ የታያት የድንቅነሽ ፍራሽ ነው። እጇን አነሳች። ከኋላ ወንበር ሲንቀጫቀጭ ሰማች፤ ዞራ ለማየት ግን ድፍረት አጣች።

ግብሩ ይቅርላቸው የሚለው በጭብጨባ አለፈ። የእሷ እጅ አንድ ጠጠር እንኳ አላነቃነቀም።

ግቢው ውስጥ ሰው የኋላሸትን ከቦ እንኳን ደስ ያለህ ይለዋል። እሱ ግን ሰዉን ከፍሎ ወደ እሷ መጣ። እንደ ልማዱ ትከሻዋን አልሳማትም። ራቅ ብሎ ቆመና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት።

«ትናንት ቤቴ መጥተው ነበር» አላት። «ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ግብሩንም እከፍል፣ ቦዩንም እኔው አስቆፍር ነበር። ደህና ይዋሉ፣ ወይዘሮ ውባንቺ።»

እውነቱን ይሁን ለነገሩ ያህል፣ እንጃ። ድንቅነሽ የግቢው በር ላይ ትጠብቃት ነበርና ሮጣ መጣች። «እህስ፣ ቦዩ?»

«ቦይም የለ» አለች ውባንቺ። «አበልጅም የለ።»