በቀለም ጠብታ የወደቁት አሥራ ሰባት ዱላዎች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሃያ የቤዝቦል ዱላ አበላሸሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ አንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ለስፖርት ዕቃ ክፍሉ ረዳት ይፈልግ ነበርና ቀጠረኝ። ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺህዎቹ መጀመሪያ፣ ወሩ ሰኔ ነው። ከዚያ በፊት ሄርንደን አጠገብ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ እጭን ነበር፤ ከዚያም በፊት አዲስ አበባ ቄራ አሥራ አራት ዓመት አናጢ ነበርኩ። የክፍሉ ኃላፊ ራንዲ የሚባል ግዙፍ፣ ወሬ የማይወድ ሰው ነው። በላቸው የሚለው ስሜ ስለከበደው ቤል አለኝ። ቁልፍ ሰጠኝና "ዕቃውን አጽዳ" ብሎኝ ወጣ።

ዱላዎቹ እጀታቸው ላይ ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ነገር ተለድፎባቸዋል። በልቤ እነዚህ ልጆች ምን ዓይነት ዝርክርኮች ናቸው አልኩ። ሃያውንም በቲነር አጠብኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩ፣ መደርደሪያ ላይ ያገኘሁትን ቫርኒሽ ቀባሁ። አበሩ። በራሴ ኮራሁ።

ከሰዓት በኋላ በልምምድ ላይ የመጀመሪያው መቺ ዱላውን ሲያወናጭፍ ከእጁ አምልጦ ሄዶ የተቀያሪዎቹን መቀመጫ ጣሪያ መታው። የሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ዱላውን አሸተተና ራንዲን ጠራው። ያ ጥቁር ነገር ለካስ የጥድ ሙጫ ነው፤ ዱላው እንዳያሟልጫቸው ልጆቹ ራሳቸው ቀን በቀን የሚቀቡት።

"ማን ነው ይሄን ያደረገው?" አለ ራንዲ።

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ቆሽሾ ነበራ።"

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ራንዲ ግን አልሳቀም። "ከዛሬ ጀምሮ ሳትጠይቀኝ ብርጭቆ ወረቀት በእጅህ እንዳላይ" አለኝና ወደ ልብስ ማጠቢያው ላከኝ። ሁለት ወር ሙሉ ካልሲ አጠብኩ። አሥራ አራት ዓመት ወንበርና ቁምሳጥን የሠራሁ ሰው፣ ካልሲ! ማታ ማታ ላንድማርክ ሰፈር ወዳለው አፓርታማዬ ስነዳ ቤልትዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና በስድብ እሞላው ነበር።

ቢሆንም ሥራውን ተማርኩት። ጓንት ሲበጠስ በቆዳ ጠፍር መልሶ መስፋት ቻልኩ፤ ይሄ እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው፣ እጅ ደግሞ አለኝ። የካቸሩን፣ ማለትም ከመቺው ኋላ ተንበርክኮ ኳስ የሚቀበለውን ልጅ፣ የደረት መከላከያና የፊት መሸፈኛ ማሰሪያ በየሳምንቱ እፈትሻለሁ። ሄልሜት ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካየሁ ያ ሄልሜት አለቀለት፣ ይጣላል። የብረት ዱላ በልኬት ቀለበት ውስጥ አሳልፋለሁ፤ ብዙ ከመመታቱ አብጦ ካላለፈ ጨዋታ ውስጥ አይገባም። ቀጥሎ ጆሮዬ አጠገብ ነቅነቅ አደርገዋለሁ። ውስጡ ከተንኳኳ ተሰብሯል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልግለጽ። የኮሌጅ ተጫዋቾች በትምህርት ዓመቱ የሚመቱት በብረት ዱላ ነው። ትምህርት በሚዘጋበት በበጋ ግን እኛ ሜዳ ላይ ከየኮሌጁ የተውጣጡ ልጆች ቡድን ይጫወታል፣ እዚያ የሚፈቀደው እንጨት ብቻ ነው። ተጫዋች ሊመርጡ የሚመጡ ሰዎች ልጁ በእንጨት ምን እንደሚሠራ ማየት ይፈልጋሉ። የብረት ዱላ ጎን የለውም፣ እንዴትም ብትይዘው ያው ነው። እንጨት ግን ጎን አለው። ልጆቹ ይህን ሳያውቁ እንደ ብረት ይይዙታል፣ ይሰብሩታል።

በሦስተኛው ወይም በአራተኛው በጋዬ ናታን መጣ። ወላጆቹ ጌይተርስበርግ የሚኖሩ የእኛው ሰዎች ናቸው፣ እሱ የተወለደው እዚሁ ነው። ሀበሻ ሆኖ ቤዝቦል የሚጫወት አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ሳየው የተሳሳተ ሜዳ የገባ መስሎኝ ነበር። በብረት ዱላ ጎበዝ ነው። የሁለት ዓመቱን ኮሌጅ ጨርሶ ወደ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር ተስፋው አንድ ብቻ ነበረ፤ የአንድ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ አንድ ቅዳሜ መጥቶ ሊያየው ቀጠሮ ይዟል። አባቱ አቶ ካሳሁን ታክሲ ነጂ ናቸው። በዚያ በጋ ካልተሳካለት ጨዋታው ይቅር፣ ሥራ ይግባ ብለው ቆርጠዋል።

ቅዳሜው ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ናታን ሦስት ዱላ ሰበረ። አራተኛውን ሰብሮ ቁራጩን ይዞ ዕቃ ክፍል ገባና ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"ጋሼ፣ አይ ዶንት ኖው። ሜታሉን ስይዝ ኢትስ ፋይን። ይሄን ስይዝ... እጄ ኢዝ ሼኪንግ። አባቴ ራይት ነው መሰለኝ።"

አንጀቴን በላው። ራንዲ ከበሩ ቆሞ "ችግሩ እጁ ነው፣ ዘግይቶ ነው የሚመታው" አለና ሄደ።

ቁራጩን አንስቼ አየሁት። አናጢ የተሰበረ እንጨት ዝም ብሎ አይጥልም። ስብራቱ በረጅሙ ሰያፍ ሆኖ የሄደ ነው። ጠረጴዛዬ ስር ካጠራቀምኳቸው ስብርባሪዎች ጋር አስተያየሁት። አብዛኞቹ ሜፕል ከሚባል የፈረንጅ እንጨት የተሠሩ፣ በዚያው ወር የተላኩልን ዱላዎች ናቸው፣ ስብራታቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ከዚያው ጭነት ሁለት ደርዘን ያልተነኩ ዱላዎች ገና አሉን። ይሄ የእጅ ጥፋት አይደለም። ይሄ ጅማቱ ዘንበል ያለ እንጨት ነው።

ቄራ ሳለሁ አሠሪዬ ጋሽ ዘውዴ የመዶሻ እጀታ ሲመርጡ የእንጨቱ መስመር አልታይ ካላቸው የብዕር ቀለም ጠብ ያደርጉበት ነበር። ቀለም ጅማቱን ተከትሎ ይሄዳል። ቀጥ ብሎ ከወረደ እጀታ ይሆናል፣ ወደ ጎን ካፈነገጠ ማገዶ። ሜፕል ደግሞ ድብቅ እንጨት ነው፣ መስመሩ በዓይን አይያዝም። ችግሩ አዲሶቹ ዱላዎች ቫርኒሽ መቀባታቸው ነው፤ ቀለሙ እንዲሰርግ ቦታውን መፋቅ ያስፈልጋል።

ብርጭቆ ወረቀት አወጣሁ።

ሃያ አራቱንም እጀታቸው ላይ የጥፍር ያህል ፋቅኩና ቀለም ጠብ ጠብ አደረግሁባቸው። አሥራ ሰባቱ ወደቁ። ሰባቱ አለፉ። የወደቁትን በአንድ ወገን፣ ያለፉትን በሌላ ወገን ደርድሬ ስጨርስ ራንዲ ገባ።

"ብርጭቆ ወረቀት?" አለ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። "እንደገና? አዲስ ዕቃ ላይ?"

"አሥራ ሰባቱ መመለስ አለባቸው። እንጨታቸው ዘንበል ያለ ነው።"

"የታወቀ ፋብሪካ ነው የሠራቸው፤ አንተ ከነሱ በልጠህ ታውቃለህ? የተፋቀ ዕቃስ ማን መልሶ ይቀበላል?"

እኔም ደሜ ፈላ። "ስለ ቤዝቦል አንተ ታውቃለህ፣ ስለ እንጨት ግን እኔ አውቃለሁ" አልኩት። ለአለቃዬ እንደዚያ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

"ቅዳሜ ልጆቹ በሰባቱ ይጫወቱ" አለ ራንዲ። "ከሰባቱ አንዱ ከተሰበረ ዕቃ ክፍል አትገባም። ካልሲህ ይጠብቅሃል።"

"እሺ" አልኩ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ናታንን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አስቀረሁት። የማስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዱላው ላይ የፋብሪካው ማህተም አለ፤ ኳሱን በምትመታበት ሰዓት ማህተሙ ወደ ሰማይ መዞር አለበት፣ ያኔ ኳሱ በጠንካራው ጎን ያርፋል። "ከመቆምህ በፊት ማህተሙን እይ" እለዋለሁ። "እሺ ጋሼ፣ ሰማይ፣ ሰማይ" እያለ ይሄዳል።

ቅዳሜ አቶ ካሳሁን ታክሲያቸውን አቁመው መጡና አጥሩ ጋ አጠገቤ ቆሙ። የልጃቸውን ጨዋታ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

"አቶ በላቸው፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ" አሉኝ። "ይሄ ልጅ በዚህ በዱላ ነገር ይሆንለታል?"

"ዱላው ጥሩ ነው፣ ለሱ እኔ ዋስ ነኝ" አልኳቸው። "ልጁም ጥሩ ነው።"

የዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ከኋላችን ደብተር ይዞ ተቀምጧል። ናታን የመጀመሪያ ተራው ላይ ሳይመታ ወጣ። በሁለተኛው ወርዋሪው ኳሱን ሰውነቱ አጠገብ፣ ወደ እጀታው አስጠግቶ ላከበት። አራቱን ዱላ የሰበረበት ውርወራ ይኸው ነው። ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ሳላፍር እናገራለሁ።

ድምፁ ደረቅና አጭር ነበር። ስገልጥ ኳሱ ከሜዳ ተከላካዮቹ ራስ በላይ አልፎ ሣር ላይ ወድቋል፣ ናታን እየሮጠ ነው፣ ዱላው መሬት ላይ ሙሉውን ተጋድሟል። ሙሉውን! በሦስተኛው ተራ ኳሱን ከአጥሩ ጋር አላተመው፣ በእሱ ምት ሁለት ልጆች ሮጠው ገቡና ሁለት ነጥብ ሆነ። አቶ ካሳሁን ሕጉ አልገባቸውም፤ ብቻ ክንዴን ጨምድደው "ገባ? ገባ?" ይሉኛል። "ገባ!" አልኳቸው። አብረን ጮኽን፣ ሰው ዞሮ አየን። ከሰባቱ አንድም አልተሰበረም።

ከጨዋታው በኋላ አሠልጣኙ ናታንና አባቱን ይዞ ጥግ ቆሞ ብዙ አወራ። አቶ ካሳሁን ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። "ወሰደው፤ ልጄን ወሰደው" አሉኝ። ናታን አቅፎ ከመሬት አነሳኝ።

ሰኞ ጠዋት ራንዲ ከወደቁት አሥራ ሰባት አንዱን መዝዞ ኳስ የሚወረውረው ማሽን ፊት ቆመ። ማህተሙን ወደ ሰማይ አዞረ፤ ለካስ ሲሰማኝ ነበር የከረመው። አንድ መታ። ሁለት መታ። በሦስተኛው የዱላው ወፍራም ጫፍ ተገንጥሎ እየተሽከረከረ መረቡን መታው። ራንዲ እጀታውን ብቻ ይዞ ቀረ። የቀለሙን መስመር አየ፣ ስብራቱን አየ፤ ሁለቱ በአንድ መንገድ ሄደዋል።

"ቤል" አለ፣ "የካርቶን ማሸጊያ አምጣ።"

ስብርባሪውን ከላይ አድርገን አሥራ ሰባቱንም ላክናቸው። ፋብሪካው ያለ ክርክር ቀየረልን። ከዚያን ቀን ወዲህ የእንጨት ዱላ ሲመጣ ራንዲ ካርቶን ከፍቶ አያውቅም። በእግሩ ወደ እኔ ገፋ ያደርገውና "እሺ፣ ንገረኝ" ይለኛል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዱላዎቹ ከፋብሪካ ራሳቸው እጀታቸው ላይ የቀለም ነጥብ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ከእኔ እንዳልተማሩት አውቃለሁ፤ ግን ያን ቀን ለጋሽ ዘውዴ ልጅ አዲስ አበባ ስልክ ደውዬ ነገርኩት። ራንዲ ጡረታ ሲወጣ ኃላፊነቱን ለእኔ አስረከበኝ፤ እኔም በጉልበቴ ሕመም ምክንያት እስካቆምኩበት ጊዜ ድረስ ሠራሁበት። ለተተኪዬ ቁልፉን፣ የልኬት ቀለበቱን፣ አንድ ብልቃጥ ቀለምና አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ሰጠሁት።

ሥራው ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ሙጫ ከማጠብህ በፊት ጠይቅ። እንጨቱን ካየህ በኋላ ግን ማንንም አትጠይቅ።