የኅዳር ሚካኤል ዕለት የመክፈቻ ዘፈን

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ፣ ካናዳ ውስጥ በካልጋሪ ከተማ፣ ዶቨር ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ኩሽና ውስጥ አንድ የኅዳር ጠዋት አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር፦ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ትራምፔት ይነፉ የነበሩት የቤቱ ባለቤት ጋሼ፣ አንድ ታክሲ ነጂ፣ አንድ የቸርች ዘማሪና እኔ። ሬዲዮው እንደልማዱ ከዓመታት በፊት በዛሬዋ ቀን የትኛው ዘፋኝ መድረክ እንደወጣ፣ የትኛው ባንድ እንደተበተነ ይዘረዝራል።

ጋሼ ድምፁን ቀነሱት። "ዛሬ እኮ ኅዳር ሚካኤል ነው። እኛም በሠራዊቱ ክበብ መጀመሪያ የተጫወትነው በዚህ ዕለት ነበር።"

"ታዲያ ሬዲዮው እርስዎን ዘሎ አለፈ፣ ጋሼ!" አለ ታክሲ ነጂው። ዘማሪው ሳቀ።

"በየትኛው ዘፈን ከፈታችሁ?" አልኳቸው።

ሦስት ጣቶቻቸው የትራምፔት ቁልፎች እንደሚጫኑ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ከፍ ዝቅ አሉ፤ ዜማው ግን አልመጣም።

"ከባንዱ በሕይወት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ማንን ልጠይቅ?" አሉ።

ታክሲ ነጂውና ዘማሪው ወደ ሥራቸው ሄዱ። እኔ ትራምፔት ስለማላውቅ ከጣቶቻቸው ምንም ላነብ አልቻልኩም። የሬዲዮውንም ድምፅ መልሰን አልጨመርነውም።

ጋሼ ዛሬም በሕይወት አሉ። ባንዱ መጀመሪያ በተጫወተበት ዕለት በሠራዊቱ ክበብ ውስጥ የነበራችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የተዘፈነውን ንገሩኝ፤ ዜማውን ባታስታውሱ እንኳ ግጥሙን።