የዋይፋዩ ገመድ የተነቀለ ዕለት

ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ወንድሜ አንዳርጌ በሞተ ማግስት ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ጉንደ ወይን የሚያውቀን ሰው ሁሉ የሰማውን እኔ ብቻ ሳልሰማ፣ ላፕቶፕ ላይ አጎንብሼ የማሽን ብልሽት ስፈልግ ዋልሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ረስቻለሁ፤ ያቺን ቀን ግን እንደ ዳዊት እደግማታለሁ።

መጀመሪያ ሥራዬን ልንገራችሁ፤ አለዚያ የቀረው አይገባችሁም። ቤት ለመሥራት ላሰቡ ሰዎች፣ ቤታቸው ሲያልቅ ምን እንደሚመስል በኮምፒውተር እሥላለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ዩቲዩብ እያየሁ፣ እያበላሸሁ እየጠገንሁ የለመድሁት ነው። ላፕቶፑን ከአዲስ አበባ ገዝቶ ያመጣልኝ አንዳርጌ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ የዓባይን ቁልቁለት እንደ ጓሮው ያውቀዋል። እናትና አባታችን በልጅነታችን ስላረፉ ሁለታችንንም ያሳደገችን የእናታችን እኅት ናት። እታለም እንላታለን። ልጅም ባልም የላትም፤ እኛው ነን ልጆቿ።

ላፕቶፔን ቫይረስ አላስቀምጥ ስላለው ዊንዶውሱን አውጥቼ በምትኩ ሊኑክስ የሚባለውን ጭኜበት ነበር። የቤት መሣያው ፕሮግራም ደግሞ ያለ ዊንዶውስ አይሠራም። ስለዚህ ሊኑክሱ ውስጥ ቨርቹዋል ማሽን ፈጠርሁ፤ ኮምፒውተር ያረገዘ ኮምፒውተር በሉት። ዊንዶውሱን እዚያ ውስጥ ጫንሁት። ችግሩ፣ የውስጠኛው ማሽን ጉልበት የለውም፤ አንዲት መስኮት ለመሣል ያምጣል። ላፕቶፑ ምስል የሚሥል ብርቱ ግራፊክስ ካርድ አለው፤ እሱን ከውጪው ማሽን ነጥቆ ለውስጠኛው መስጠት እንደሚቻል አነበብሁና ጀመርሁ።

ካርዱን ሰጠሁት። ዊንዶውሱም አየው፤ ግን ኮድ 43 የሚባል ስህተት እያወጣ አልሠራም አለኝ። ፈልጌ ፈልጌ ምክንያቱን አገኘሁት። የላፕቶፕ ካርድ ባትሪ ካላየ ላፕቶፕ ውስጥ ነኝ ብሎ አያምንም፤ ቨርቹዋል ማሽን ደግሞ ባትሪ የለውም። መድኃኒቱ ማታለል ነው። የሌለውን ባትሪ አለ ብላ የምትነግረው አንዲት ትንሽ ፋይል አለች፤ እሷን ከኢንተርኔት አውርዶ መጫን ነው።

በዚያ ሰሞን የምሥለው ቤት የአንዳርጌ ነበር። ደጀን ላይ ሊሠራ ያሰበውን ቤት ሳይሠራው ሊያየው ፈለገ። በዋዜማው ከደጀን ደወለልኝ።

«ኢንጂነሯ፣ ቤቴ አለቀ?»

«ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያ የለውም።»

«እንዴ! ክረምት እየመጣ የት ልግባልሽ?»

ስለ ካርዱና ስለ ውሸቱ ባትሪ ነገርሁት። ሳቁ ስልኩን አንቀጠቀጠው።

«ሰው አልበቃ ብሎሽ ማሽን ልትሸውጂ! እግዜር ይይልሽ። በይ ነገ ጣሪያዬን እንዳላጣው።»

ከዚያ ቁልቁለቱን ወረደ። የመጨረሻ ቃሉ ጣሪያ ነው።

በማግስቱ ስነቃ ባለቤቴ ለብሶ ቆሟል። መምህር ነው፤ ወረዳ ስብሰባ አለብኝ አለኝ። «ስልኬ ስክሪኑ ጠፋ፤ ያንቺን ይዤ ልሂድ» ሲለኝ ዓይኔን አላየኝም። አሞት ይሆን ብዬ አሰብሁና ሰጠሁት። እሱ እንደወጣ እታለም ገባች። ቤቷ እዚያው ከተማው ውስጥ ስለሆነ መምጣቷ አልገረመኝም፤ የገረመኝ ያቺ ተቆጪ ሴትዮ አለመቆጣቷ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ከዚህ ማሽን ተነሺ፤ ይህ ልጅ ላፕቶፕ ታቅፎ ሊወለድ ነው» ትለኛለች። ያን ዕለት ግን ከመኝታ ቤቴ በር ላይ ቆማ፣

«ሥሪ የኔ እናት፣ ሥሪ። እኔ ሳሎን ቁጭ እላለሁ፤ እግሬን አሞኛል» አለችኝ።

ዳቦ ቆርሼ በልቼ ሥራዬን ያዝሁ። የባትሪዋን ፋይል የያዘውን ገጽ አገኘሁት። ከማውረዴ በፊት ካርዱን አንድ ጊዜ ልፈትሽ ብዬ ቨርቹዋል ማሽኑን አስነሣሁ። ልክ ሲነሣ ኢንተርኔቱ ድርግም አለ።

ይህ ነው ያሳሳተኝ። ላፕቶፕ ዕቃዎቹን በቡድን በቡድን አስሮ ነው የሚያስቀምጣቸው። አንዱን ለውስጠኛው ማሽን ስትሰጡ በቡድኑ ያሉት አብረው ይነዳሉ፤ እንደ ጥማድ በሬ ነው። የዋይፋዩ ካርድ ከግራፊክሱ ጋር ተጠምዶ አብሮ ሄደብኝ ብዬ ደመደምሁ። ማሽኑን አጠፋሁት፤ ኢንተርኔቱ አልተመለሰም። ካርዱ አልለቅም ብሏል አልሁ። አንድ ነገር እቀይራለሁ፣ እንደገና አስነሣለሁ፣ የለም። ሌላ እቀይራለሁ፣ የለም። ወገቤ ተቆረጠ፤ ልጁም በሆዴ ይገላበጣል። አንዳርጌ ማታ ደውሎ ጣሪያውን ሲጠይቀኝ ምን እለዋለሁ እያልሁ እበሳጫለሁ።

በመካከሉ የውጪው በር ተንኳኳ። እታለም ወጣች። የጎረቤታችን ድምፅ መሰለኝ፤ የሆነ ነገር ጀምራ ተቋረጠች። እታለም «ዝም በይ! ዝም በይ አልሁሽ!» ስትል ሰማሁ። ውሻችን ሴት ናት፤ እሷን መስሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ከቀትር በኋላ ተስፋ ቆርጬ፣ መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን የቡድኖቹን ዝርዝር አወጣሁ። ግራፊክስ ካርዱ በአንዱ ቡድን፣ ዋይፋዩ በሌላ። አልተጠመዱም። ግራ ገባኝና የዋይፋዮቹን ስም ከፈትሁ። የጎረቤቶቻችን ሁሉ ተደርድሮ ይታያል። የእኛ ብቻ የለም።

ማሽኑ ጤነኛ ነበር። ቀኑን ሙሉ የደከምሁት በጤነኛ ዕቃ ላይ ነው።

መብራት አለ። ታዲያ የእኛ ብቻ ለምን ይጠፋል ብዬ ሆዴን ደግፌ ወደ ሳሎን ወጣሁ። የዋይፋዩ ሳጥን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነው። እታለም ወንበር አስጠግታ ከጎኑ ተቀምጣለች። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። የተነቀለው ገመድ ጫፉ ጭኗ ላይ ነው፤ በእጇ ጨብጣዋለች። እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት ካቦርቷ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ከሥሩ ያለውን ነጠላ ያን ጊዜ አየሁት። አዘቅዝቃዋለች። በእኛ አገር ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። ቤቷ እያለቀሰች አድራ፣ እኔ ጋ ስትመጣ ላዩን በካቦርት ሸፍናው ነበር።

ምን ሆነሻል ብዬ አልጠየቅኋትም።

«እታለም፣ ማን ነው?» አልኋት።

ብንን አለች። ገመዱን ነጠላዋ ውስጥ ልትደብቀው ሞከረች።

«ማንም አይደል የኔ እናት፤ ግቢና አረፍ በይ።»

«ማን ነው?»

«ልጁን አስቢ። እባክሽ ልጁን አስቢ።»

ባሌ ጧት በእግሩ ቆሞ አይቼዋለሁ። እሷ ፊቴ ናት። ከእኛ ቤት የቀረው አንድ ሰው ነው።

«አንዳርጌ የት ነው ያለው?»

ገመዱን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ፍሬን እንቢ ብሎት ከመንገድ እንደወጣ፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ከነስሙ እንደተለጠፈ፣ ስልኬንም ዋይፋዩንም የወሰዱብኝ ለዚያ እንደሆነ ያወቅሁት ኋላ ነው። ነፍሰ ጡር መርዶ አይነገራትም፤ እስክትወልድ ይደበቃል። እናቴም ብትኖር ይህንኑ ነበር የምታደርገው።

«ተቀበረ?» አልኋት።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችው።

«ፍትሐት ላይ ሳይሆኑ አይቀሩም።»

ጉንደ ወይን ነው የሚቀበረው፤ እናትና አባታችን ያሉበት። ከደብረ ማርቆስ ያን ሰዓት ተነሥቶ መድረስ የለም። ባለቤቴ ስብሰባ ያለው ቀብሩን ነበር። መሬቱ ላይ ቁጭ አልሁ። እታለም ከወንበሯ ወርዳ ከጎኔ ተቀመጠች። ገመዱ አሁንም እጇ ላይ ነው። ፊቴን ደጋግማ አየችው።

«እንግዲህ ካወቅሽ...» አለችኝ፣ «እንግዲህ ካወቅሽ እኔም ላልቅስ?»

በሕፃንነቱ ተቀብላ ያሳደገችው ልጅ ሲቀበር፣ እሷ እኔን ልትጠብቅ የዋይፋይ ገመድ ይዛ ቁጭ ብላለች። ከጧት ጀምሮ ጥርሷን ነክሳ ይዛዋለች። «አልቅሺ» አልኋት። ያን ጊዜ የሰማሁትን ድምፅ ከሰው ሰምቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ማታ ሲመለስ ጫማው የጉንደ ወይንን አፈር ይዞ ነበር። እንዳይጠርገው ለመንሁት።

ልጄ በጊዜው፣ በደኅና ተወለደ። ሰዎች «ደግ አደረጉ፤ ቢነግሩሽ ኖሮ ይህን ልጅ አታቅፊውም ነበር» ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ባይደብቁኝ ግን ወንድሜን አፈር አለብሰው ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱን ሳመዛዝን ዓመታት ሄዱ፤ አልቆረጠልኝም። በማንም ላይ ቂም የለኝም። ግን ሰው ቤት ገብቼ ድንገት ዝም ካሉ «ማን ነው?» እላለሁ።

የባትሪዋን ፋይል ከአራስ ቤት ከወጣሁ በኋላ ጫንኋት። ካርዱ ውሸቷን አምኖ ያለ አንዳች ስህተት ሠራ። የአንዳርጌን ቤት ጣሪያ አለበስሁትና ዘጋሁት፤ መልሼ አልከፈትሁትም።

እታለም አሁን ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው። ሳሎኑን ስትጠርግ የዋይፋዩን ገመድ መንቀል አለባት፤ መንገድ ላይ ነው። ከመንቀሏ በፊት መጥረጊያውን አስቀምጣ እኔ የምሠራበት ክፍል በር ድረስ ትመጣለች።

«ልነቅለው ነው» ትለኛለች። «ለመጥረግ ነው። ሁሉም ደኅና ናቸው።»

ጠርጋ ስትጨርስ መልሳ ትሰካዋለች።