ሰሊጥ አፉን በከፈተበት ሰሞን

ባሌ በሞተ በዓመቱ ታናሽ ወንድሙ ሽማግሌ ልኮ መሬቱን ልረስላት አለ። እምቢ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየለቅሶውና በየሰርጉ «የሴት እርሻ» እያለ ሲያስቅብኝ ኖረ። አምና ዝናቡ ቀድሞ ወጥቶ ሰሊጤ ሲከስር ደግሞ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። ዘንድሮም ምርቱ ከጠፋ መሬቱን እሱ እንዲያርሰው ቃሌን ሰጠሁ። ያን ቃል እንዴት ከአፌ እንዳወጡት ዛሬም አልናገርም።

ኅዳር ላይ ለዓይኔ ሕክምና ጎንደር ሄጄ ስመለስ ኃይለኛ ነፋስ ገንዳ ውኃ ከተማ ላይ ያዘኝ። ሰሊጡ ታጭዷል፤ ነዶው በቁሙ እርስ በርሱ እየተደገፈ ሂላ በምንለው ክምር ቆሟል፤ ፍሬው አፉን ከፍቷል። እንዲህ ሆኖ ሂላው ከወደቀ ሰሊጡ አፈር ላይ ይፈሳል፤ ማንም አይለቅመውም። በአቧራው ምክንያት ሚኒባስም ባጃጅም ቆሟል። ወደዚያ የሚሄድ መኪና የነበረው ዋርሳዬ፣ ያው የባሌ ወንድም፣ ብቻ ነው። ገባሁ።

ከኮኪት ወዲያ ሜዳው ላይ መንገዱ ጠፋ። ነፋሱ ፒክአፑን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ የማዳበሪያ ከረጢት እየበረረ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። እሱ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ እንኳ አፉ አላረፈም።

«እትዬ፣ ሂላውን በትንንሹ አስቁመው አንገቱን ሁለት ጊዜ አሳሰሩ አሉ። ሹሩባ ነው እንዴ የሚያሠሩለት?»

«መንገዱን እይ።»

«የእኔን አይተውታል? ቤት ያህላል!»

«አይቼዋለሁ። መንገዱን እይ አልኩህ።»

የሱ እርሻ ከእኔ ይቀድማል። ሲደርስ ፍሬን ያዘ። ቤት የሚያህሉት ሂላዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተጋድመው መሬቱ በሰሊጥ ነጥቷል። ወርዶ አጠገባቸው ቆመ። እኔ አልወረድኩም። ለዚህ ቀን ያጠራቀምኩት ነገር ነበረኝ፤ ግን የእኔም እንዲህ ተኝቶ ቢሆንስ ብዬ ዋጥኩት።

እርሻዬ ስንደርስ የእኔ ቆሟል። ዳር ላይ ያሉት ሦስት አራቱ ዘምመዋል እንጂ ሌላው ቆሟል። ከጎጃም የመጡት አጫጆች ፊታቸውን በጋቢ ሸፍነው ከዳሱ ሥር ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እንዳይነኩት!» ብሎ ጮኸ አንዱ። «ነፋሱ እስኪበርድ አይነካም።»

የመኪናውን በር ይዤ ቆምኩ። የቆሙትን ሂላዎች አንድ ባንድ ቆጠርኩ።

«እድለኛ ነዎት» አለ ዋርሳዬ።

«አሳስሬዋለሁ።»

አንገቱን ደፋ። «ሲበርድ ሰዎቹን ቢያውሱኝ… የቀረውን እንኳ ላንሳ።»

«የእኔን ካራገፉ በኋላ።»

ሦስት ቀን አስጠበቅሁት። ክፉ ናት ይበል። የመጨረሻው ጆንያ ሲሰፋ ሽማግሌዎቹን አስጠርቼ ምርቱን አሳየኋቸው፤ መሬቱ የእኔ እንደሆነ በእሱ ፊት አስነገርኩ። አጫጆቹን የላክሁለት ከዚያ በኋላ ነው።