ከፈተናው በኋላ ይነገረው

ወንድሜ ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። እኔ የሰማሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። በመሀል ያለውን ጊዜ ያሳለፍኩት ለታሪክ ፈተና፣ አሜሪካ ገና አዲስ አገር ሳለች የገጠማትን ችግር በማጥናት ነው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ኮቪድ የበረታበት ዊንተር ነበር። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሂልቶፕ የሚባል ሰፈር፣ አክስታችን ቤት ነበር የምንኖረው። ወንድሜ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ የሚያነሳ ፎርክሊፍት ይነዳል። እኔ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርኩ፤ ትምህርቱ ከቤት፣ በኮምፒውተር። በኮቪድ ታሞ ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ይጠይቀኝ ነበር።

«ፕሮፌሰር፣ እንግሊዞች የያዟቸውን የአሜሪካ መርከበኞች ለቀቁ?»

«አልለቀቁም።»

«ፕሬዚዳንቱስ ምን አደረገ?»

«ንግድ አቆመ። መርከብ ከወደብ እንዳይወጣ ከለከለ።»

«እና ማን ተጎዳ?»

«የራሱ ሰው።»

«በቃ፣ ይሄ ሰውዬ የኛ ዌርሃውስ ማናጀር ነበር።»

እንዲህ ነበር የሚያስጠናኝ። እሱ ከአስረኛ ክፍል ነው ያቋረጠው፤ እኔና እህታችን እንድንማር ብሎ።

ማክሰኞ ዕለት ነርሷ ከሆስፒታል ለአክስቴ በቪዲዮ ደወለችላት። ተሰናበቱት ብላ። አክስቴ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች። በመስኮት አየኋት፤ ሞተር የምታሞቅ መሰለኝ። ወደ ደብተሬ ተመለስኩ። ስልኩን ይዛ ወደ ክፍሌ ደረጃውን ብትወጣ ኖሮ... አስራ ሁለት ደረጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። እሱ ባይሰማኝ እንኳ እኔ አየው ነበር።

በኛ ዘንድ ተማሪ ፈተና ካለበት መርዶ አይነገረውም። ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ብቻ አያውቅም። አክስቴ እንቁላል ጠብሳ ታመጣልኛለች። «እንዴት ዋለ?» ስላት «ያው ነው» ትለኛለች።

ሐሙስ ተፈተንኩ። አንዱ ጥያቄ፣ ርቀት ለአዲሷ አገር ዲፕሎማሲ ምን ችግር እንደፈጠረ አስረዳ የሚል ነበር። ጻፍኩ። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ሁለተኛው ጦርነት አውሮፓ ውስጥ የእርቅ ፊርማ ተፈርሞለት፣ ወሬውን የያዘው መርከብ ገና ውቅያኖስ ላይ እያለ፣ እዚህ በደቡብ በኩል ትልቅ ውጊያ ተደርጎ ብዙ ሰው አለቀ። ማንንም መውቀስ አይቻልም፣ መርከብ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው ብዬ ጨረስኩ። መምህሩ ሙሉ ማርክ ሰጠኝ። ያንን ስጽፍ አክስቴ ታች ኩሽና ሆና ለልቅሶ የመጡትን ሰዎች በስልክ «ልጁ እስኪጨርስ መኪና ውስጥ ቆዩ» ትላቸው ነበር። በእሷና በእኔ መካከል ውቅያኖስ አልነበረም። ደረጃ ነበር።

ላፕቶፑን እንደዘጋሁ ገቡ። ስድስት ሰዎች፣ ነጠላ የለበሱ፣ አፋቸው በማስክ የተሸፈነ።

«ለአንተ ብለን ነው፣ የኔ ልጅ» አለች አክስቴ።

«ለኔ ብላችሁ ወንድሜን ሳልሰናበተው ቀረሁ።»

ባሏ ጣልቃ ገባ። «ተው እንጂ አንተ፣ እሷም እኮ ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰችም።»

እውነቱን ነው። ግን አላዘንኩላትም። አሁንም አላዝንላትም።

ከቀብር መልስ አክስቴ ሌላ ነገር አመጣች። እናትና አባት የሉንም። ታናሽ እህታችን አዲስ አበባ አጎታችን ቤት ሆና ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀች ነበር።

«እስክትፈተን እንዳትነግራት» አለችኝ። «ስልኩ ተሰብሮበት ነው በላት።»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ... ደክሞኝ ነበር ልበል? ያን ሁሉ ተቆጥቼ፣ እሺ አልኩ። ዘጠኝ ቀን እህቴን ዋሸኋት። በአስረኛው ቀን ስለ ሂሳብ ትምህርቷ ስታወራኝ ቆይታ «ጋሽዬን ሰላም በልልኝ፣ ስልኩ ሲሠራ መጀመሪያ ለኔ ይደውል» አለች። አልቻልኩም። ነገርኳት።

አልጮኸችም። «መቼ?» አለች። ቀኑን ነገርኳት።

«አክስቴ ናት እንዳትነግራት ያለችኝ» አልኩ።

«በየቀኑ ያወራኸኝ አንተ ነህ» አለችና ዘጋችው።

አጎቴ ደውሎ ልጅቷን አጠፋሃት ብሎ ሰደበኝ። አክስቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። እህቴ ፈተናውን ተፈተነች። የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ አለፈች ወይ እያለ ይጠይቀኛል፤ መንገሬ ልክ መሆኑን በእሷ ውጤት ሊመዝን። ውጤቷን ለማንም አልተናገርኩም። እዚህም አልጽፈውም።