የማልፈራው ንግድ

ፈሪ መሆኔን የቁስቋም ሰፈር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባጃጅ ስሳፈር ዓይኔን እጨፍናለሁ። የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ስልኩን ትራስ ሥር እከተዋለሁ። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ልጄን እንደ ጋሻ ከፊቴ አቆማታለሁ፤ እሷም «እማዬ፣ እኔን ቢመታኝስ?» ትለኛለች። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ይህንንም የምጽፈው ቀስ እያልኩ ነው። ፊደል ስስት ልጄ ታቃናልኛለች፤ ነገሩን ግን እንዳትነኪብኝ ብያታለሁ።

ከሁሉ አብልጬ የፈራሁት እሷኑ እንዳላጣ ነበር። ሒሳብ አያያዝ ተምራ ከተመረቀች ወዲህ ለሥራ ያላንኳኳችው በር የለም። አብረዋት የተማሩት አንድ በአንድ ዐረብ አገር ገቡ። ከነሱ አንዷ በየሳምንቱ እየደወለች «ነይ፣ የምትሠሪበት ቤት አግኝቼልሻለሁ» ትላታለች። ለጉዞው የሚሆን ብር ያለው ደግሞ እኔ ጋ ነው። አባቷ ካረፈ ጀምሮ በመምህራንና በሐኪሞች ቤት ልብስ እያጠብኩ፣ ወጥ እየሠራሁ ባንክ ያስቀመጥኳት ናት፤ ሌላ የለኝም።

ከጥምቀት በፊት አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ መጥታ ከጎኔ ቆመች።

«እማዬ፣ ያቺን ብር ስጪኝና ልሂድ።»

«ብሩማ ያንቺው ነው» አልኳት፤ እርጥቡ አንሶላ አምልጦኝ አፈር ላይ ወደቀ። «ግን እዚሁ እንነግድበት።»

«ምን እንነግዳለን?»

«እንፈልጋለና።»

አንሶላውን አንስታ አራገፈችው። «እሺ» አለች፤ «እስከ ፋሲካ። እስከዚያ ሁለታችንን የሚያኖር ነገር ካልሆነ እሄዳለሁ። ያኔ አታልቅሺብኝ።»

በማግስቱ ንግድ ፍለጋ ወጣን። ለዓመታት አንገቴን ደፍቼ የማልፍበት ጎንደር ያን ሰሞን ሌላ ከተማ ሆነብኝ። ሰው ምን ይገዛል፣ ምን ይበላል፣ በፌስታል ምን ይዞ ይገባል እያልን የሰው እጅ የምናይ ሆንን። ልጄ በክርኗ ትጎስመኛለች፤ «አየሽ፣ ሦስተኛዋ ሴትዮ ሳሙና የያዘች።» እኔም «ሳሙና እንነግድ» እላለሁ። ትንሽ ሄደን ሙዝ የያዘ እናያለን፤ «ሙዝ እንነግድ» እላለሁ። የመንገዱ ጫፍ ሳንደርስ የስድስት ሱቅ ባለቤት ሆነን እናርፋለን። እንዲያ ተንከትክቼ ስስቅ ራሴን አላውቀውም ነበር።

ከምር ያሰብነው መጀመሪያ ቺፕስ ነበር። ማራኪ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ፣ ተማሪው ሁሉ የተጠበሰ ድንች በወረቀት ይዞ ይሄዳል። የተወለድኩት ኮሶዬ ነው፤ ታላቅ ወንድሜ እዚያ ድንችና ገብስ ያርሳል። ድንቹ ከዘመድ፣ በላተኛው ከበር ላይ። ደስ ብሎኝ ሳለ የፈላው ዘይት ትዝ አለኝ፤ ወዲያው አንድ የሰው ልጅ ለፈተና ሲሮጥ ምድጃው ላይ ሲወድቅ ታየኝ።

«የሰው ልጅ እንጠብሳለን» አልኳት።

ቺፕስ ቀረ። ለሠርግና ለተዝካር ሰሃን ማከራየትም አሰብን፤ እሱን ያስቀረሁት የሙሽራ እናት ደጃፍ ቆሜ «ሹካዬ ጎደለ» ስል ስለታየኝ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ገበያ ወርደን ሰልባጅ አየን። ልጄ የወንድ ባርኔጣ፣ እኔ አንገቱ ጠጉር የሆነ ካፖርት ለብሰን፣ አንዳችን ላንዳችን መስታወት ሆነን ግማሽ ቀን ዋልን። ነጋዴው እጁን አጣምሮ ያየናል።

«ትገዛላችሁ ወይስ ፎቶ ቤት መስሏችሁ ነው?»

«አያ፣ ይህን የለበሰው ሰው ሞቶ ቢሆንስ?» አልኩት።

ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እጁን ከትቶ የማስቲካ ወረቀት አወጣ። «ይኸው፣ ሲያኝክ ነበር። ሕያው ነው።»

ልጄ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሰልባጁንም ግን አልደፈርኩትም። ፒያሳ ስንደርስ ደክሟት ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ የማትፈሪው ነገር ካለ ንገሪኝ፤ እሱን እንነግዳለን።»

ከልቤ አሰብኩበት። ሰው እየረገጠን ያልፋል።

«ዶሮ» አልኳት።

«ምን?»

«ዶሮ አልፈራም።»

አየችኝ፣ አየኋት፤ ከዚያ ሁለታችንም ፈነዳን። ጎኔን እስኪወጋኝ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ እስኪያየን ሳቅን። ንግዳችን የተመረጠው እንዲህ ነው።

የጥምቀቱ ግርግር እንዳለፈ አዘዞ አንድ ዶሮ አርቢ ዘንድ ሄድን። ቄብ ፈልገን ነው፤ እንቁላል ልትጀምር የደረሰችውን ማለቴ ነው። ሰውዬው የጠራው ዋጋ ከሰማነው ሁሉ የረከሰ ሆነ።

«ምነው ረከሰ?» አለች ልጄ።

«እናትሽን አይቼ ነዋ» አለ።

እንዴት ያለ ሸጋ ሰው ብዬ መረቅኩት። ልጅ ይውጣልህ፣ ቤትህ ይሙላ አልኩት፤ ቄቦቹን በካርቶን አስሮ ባጃጅ ላይ ሲጭንልኝ የሚያስቸኩለው ነገር እንዳለ ልብ አላልኩም።

ማድ ቤቱን አጽድተን ቤታቸው አደረግነው። ሽቦ መታን፣ ገለባ ጎዘጎዝን፣ አስከተብናቸው። ብሬ ቀስ በቀስ መኖ እየሆነ በዶሮ ሆድ ገባ። የነፍስ አባቴ መጥተው ጠበል ረጩልኝ፤ ጎረቤቴ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ እትዬ፣ የቤቷን ፍርፋሪ በሰፌድ ታመጣልኛለች። ሁሉም «እሰይ፣ ይባርክልሽ» ይለኛል። እኔ በቀን ሦስት ጊዜ ገለባውን እበረብራለሁ። ልጄም ከኔ ብሳ፣ ጠዋት ሳትታጠብ በፊት እዚያ ትገባለች። ዐረብ አገር ያለችው ጓደኛዋ ስትደውል ግን ስልኩን ይዛ ወደ ግቢው ጥግ ትሄዳለች፤ ያኔ እኔ የያዝኩትን ሰሃን ደጋግሜ አጥባለሁ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እጄን ገለባው ውስጥ ብሰደው የሞቀ ነገር ነካሁ። ትንሽዬ እንቁላል። ደም ጫር ያደረገባት፣ ከጉንጬ ባስጠጋት የምትሞቅ። እልልታዬን አቀለጥኩት። እትዬ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ምነው? ማን ተገላገለ?»

«ዶሮዋ። ወለደች።»

«እሰይ እሰይ። በይ ቶሎ ጥበሽና ለልጅሽ አብያት። ቅበላ አይደል፣ ነገ እኮ ዐቢይ ጾም ነው።»

እንቁላሏን እንደያዝኩ ቆምኩ። ረቡዕ ዓርብ ያልሻርኩ፣ ነነዌን የጾምኩ፣ ቅበላ ነው ብዬ በዋዜማው ቅቤ ያነጠርኩ ሴት፣ ጾሙንና ዶሮውን በጭንቅላቴ አንድ ላይ አምጥቼ አላውቅም። ጾሙ የኔ፣ እንቁላሉ የንግዱ ሆኖ በየፊናው ይሄድ ነበር። ከነገ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ማን እንቁላል ሊገዛኝ ነው?

«እትዬ፣ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ለፋሲካ የምትሸጫቸው መስሎኝ ነዋ» አለች። «እንቁላል ብሎ በጥር ቄብ የሚገዛ አለ እንዴ?»

ልጄ ከቤት ወጥታ ሰማችን። ተናደደች ብዬ ስጠብቅ አጥሩን ተደግፋ ቁጭ አለችና መሳቅ ጀመረች። «ለዚህ ነዋ የረከሰው፤ አንቺን አይቶ ነዋ» ትላለች፣ እንደገና ትስቃለች። እኔ ግን ሳቄ ግማሹ ልቅሶ ነበር። ብሩ የለም፤ ብር ከሌለ በሕጋዊው መንገድ አትሄድም፤ በመተማ በኩል በደላላ እጅ ብትወጣብኝስ የሚል ነገር ሆዴ ገባ።

ዶሮዎቹ ምን ገዷቸው። በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት አንዷ አንዷን እያየች ሁሉም ጀመሩ። እንቁላል ድስት ሞላ፣ ሰፌድ ሞላ፣ የልጄ የምረቃ ልብስ ያለበት ሳጥን ሞላ። አልጋ ሥር ስለደረደርን በጫማ ጫፍ እየሄድን እንገባለን። አንድ ጠዋት ሮጬ የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ።

«አባ፣ ዶሮዎቼ ጾም አያውቁም።»

ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። «እነሱ ምን አጠፉ ልጄ? አንቺ አትብዪ እንጂ መውለዱን ማን ከለከላቸው።»

«እርስዎስ ጠበል ሲረጩ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

«እኔማ ለፋሲካ አንዷን አትነሳኝም ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉኝ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ለማይጾመው ሽጪ። አንቺ ጾምሽን ያዢ፤ ንግድሽ ንግድ ነው» አሉ።

ለማይጾመው ሲሉኝ የመጣልኝ አዲስ ዓለም ነው፤ የሙስሊም ወንድሞቻችን ሰፈር። ቤት ስደርስ ግን ልጄ፣ «ዘንድሮ እነሱም በዚሁ ሳምንት ረመዳን ገብተዋል» አለችኝ። አገር ሁሉ ጾመኛ፣ ዶሮዬ ብቻ ጾም ፈቺ። ቢሆንም ወደ ማታ ሄድን። እንቁላሉን ጭኔ ላይ አቅፌ ባጃጁ በታጠፈ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ልጄ «እማዬ፣ አትጭመቂው፣ ልጅ አይደለም» ትለኛለች።

መንገድ ዳር አንዲት ሴት ለማፍጠሪያ የሚሆን ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ሁለታችንንና ሰፌዱን አየች፣ የአንገቴን ማተብ አየች።

«እህቴ፣ ጾም ላይ አይደላችሁ እንዴ?»

«እኛ ነን እንጂ ዶሮዎቹ አይደሉም» አለች ልጄ።

ሴትየዋ ጭልፋዋን አስቀምጣ ሳቀች። «እኛም ጾመኞች ነን፤ ግን ማታ ማታ እንበላለን። የናንተ ጾም እንቁላሉን አረከሰልን ወላሂ፤ አምጡት።» ጎረቤቶቿን ጠራች። ሴቶች ከበቡን፣ ዋጋ ቀንሱ አሉ። እኔ ከድንጋጤ የተነሳ በነጻ ልሰጣቸው ደርሼ ልጄ ወገቤን ቆነጠጠችኝ።

«እናትሽ ደግ ናት፤ ከሷ ጋር እንነጋገር» አለች አንዷ።

«እናቴ ደንቆሮ ናት፤ አትሰማም» አለች ልጄ።

እኔም ሳላስበው ጆሮዬን ያዝኩላት። ሰፌዱ ባዶ ሆኖ ተመለስን።

ኢድ ካለፈ በኋላ ገዢው ሳሳ። ያን ሰሞን መንገዱ ክፍት ነበርና የተረፈውን ሁሉ ይዘን ኮሶዬ ወጣን፤ የወንድሜ ጎተራ ቀንም ሌሊትም ብርድ ነው። እንቁላሉን ገብስ ውስጥ ስንቀብር ወንድሜ በራፉ ላይ ቆሞ ያየናል።

«ከከተማ ወደ ገጠር እንቁላል ሲጫን ዛሬ ገና አየሁ። ቀጥሎ ለኛ ለገበሬዎቹ ገብስ ታመጡልናላችሁ።»

«ሂድና ሥራህን ሥራ፣ አያ» አልኩት። እሱ ግን እኛ ከተመለስን በኋላ ወጪና ወራጁን ሁሉ እየጠራ የቀበርነውን እንቁላል ሲያሳይ እንደከረመ የአገሩ ሰዎች ነገሩኝ።

በሰሞነ ሕማማት አወጣናቸው። አንድ በአንድ ውኃ ውስጥ ከተትናቸው፤ የተበላሸው ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይሰጥማል። ልጄ ጎንበስ ብላ «ሰጠመ፣ ሰጠመ» እያለች ትጨፍራለች። ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ ሲሆን፣ ደጃፋችን ሰው በሰው ሆነ፤ የፋሲካ ዶሮ ወጥ ያለ እንቁላል አይሆንምና። እትዬ እንኳ ወረፋ ያዘች። ልጄ በር ላይ ቆማ ዋጋ ትጠራለች፣ እኔ ከኋላ «ቀንሺላቸው» እያልኩ እለማመጣለሁ፣ እሷ «ደንቆሮ ናት» ትላቸዋለች።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀል ሁለታችን ባዶው ሰፌድ አጠገብ ተቀመጥን። የልጄ ስልክ ጮኸ፤ ጓደኛዋ ናት። ልጄ የሰጠችኝ ቀነ ገደብ ነገ ነው። እጄን ቀሚሴ ላይ ጠራረግሁ፤ የማጥበው ሰሃን በአጠገቤ የለም። ልጄ ወደ ግቢው ጥግ አልሄደችም። እዚያው አነሳችው።

«እንኳን አደረሰሽ። አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ እደውልልሻለሁ» አለቻትና ዘጋችው።

ከዚያ ወደኔ ዞረች። «እማዬ፣ ከፋሲካ በኋላ…»

ባዶውን ሰፌድ ወደኔ ሳብኩት።

«…ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ሙሉ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም አይደል? እነዚህ ዶሮዎች አይበቁንም። ሰኞ አዘዞ ሄደን ያን ሸጋ ሰውዬ እናናግረው።»

«ደግሞ ልንጨምር ነው?» አልኳት። «ቢታመሙስ? ድመት ቢገባስ? የት እናስቀምጣቸዋለን?»

«አንቺ መኝታ ቤት» አለች። እትዬን በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ ለዶሮ ቤት የሚሆን ቆርቆሮ እንድታውሰን ልትለምናት ሄደች።